በኮላ የተለጠፈው ደብዳቤ

ዣንጥላዬን ቤት ረስቼ ባልወጣ ኖሮ ይህን ታሪክ ባልጻፍኩት ነበር። ዝናቡ መንገድ ላይ ሲይዘኝ ሮጬ የተጠለልኩት ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ውኃ ልክ» ከሚላቸው አናጺ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ላይ የስንጥር ያህል መንጋደድ ስለማይወዱ ነው።

ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ወፍራም ጣውላ ተሰቅሏል። ጣውላው ላይ አንድ ደብዳቤ ተለጥፎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ታሪኩን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት ጋሽ ውኃ ልክ ከአንዱ ወስደው ለሌላው ሲከፍሉ ዕዳው ከአናታቸው በላይ ሆነ። በመጨረሻ አበዳሪዎቹ ፍርድ ቤት ፊት ቀርበው፣ ዕዳው በስልሳ ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተስማሙ። ጋሽም አንድ ቀን ሳያሳልፉ ከፍለው ጨረሱ፤ ደብዳቤው የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ግን ከሰው አንዲት ሚስማር እንኳ አልተበደሩም። ሻይ የጋበዛቸውን ሰው ሂሳቡን በዚያው ቀን መልሰው ያስቀይሙታል።

ስገባ የእህታቸው ልጅ ሰጋቱራው መሀል ቆማ ትሟገታቸዋለች። ሂሳብ አያያዝ የተማረች ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ የጠየቀው መቶ ሃያ ዴስክ ነው፤ በሁለት ወር። ነገ መልስ ካልሰጠን ሥራው ለሌላ ይሄዳል።»

«ይሂዳ! በእጅ መላጊያ ከአርባ አያልፍም። የማልችለውን እችላለሁ ብዬ አልፈርምም።»

«በማሽን ግን ይቻላል። ማሽኑን ደግሞ በብድር...»

«ያቺን ቃል እዚህ ቤት አትጥሪብኝ!»

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ሰው ሲከራከር አይቼ ዝም ማለትን አልተማርኩም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይህ ነው» ብዬ ጥልቅ አልኩ።

ጋሽ ውኃ ልክ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «መምህር፣ እርስዎን እባቡ አልነከሰዎትም። በር ሲንኳኳ ባለቤቴን ‹የለም በዪ› እያልኩ ሳስዋሻት የነበርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ውሸት ከአፏ ያልወጣ ሴት!»

አፈርኩ። ልጅቱም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ያ ብድር ምን ነበር የገዛው?»

ጋሽ ጺማቸውን አሻሹ። «ሶፋ» አሉ በመጨረሻ። «አናጺ ሆኜ ሶፋ በዱቤ ገዛሁ! ቀጥሎ የሶፋውን ዕዳ የሚከፍል ሌላ ዕዳ።»

«ሶፋው አንድ ቀን ሥራ ሠርቶ ያውቃል?»

«ኧረ እሱ ነው የተቀመጠብኝ፤ እኔስ አልተቀመጥኩበትም!»

ሦስታችንም ሳቅን። ልጅቱ ሳቁ ሳይበርድ ቀጠለች። «ማሽን ግን ይሠራል፤ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል። አዲስም አላልኩዎትም፤ ያገለገለ ይበቃናል። አስልቼዋለሁ፣ የወሩ ክፍያ ከትርፉ ከአምስት እጅ አንዱን አይበልጥም። ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ማሽኑ ተሸጦ አብዛኛውን ይመልሳል።»

«ስሜስ?» አሉ ጋሽ። እውነተኛው ፍርሃታቸው አሁን ወጣ። «ስሜ እኮ የአበዳሪዎች መዝገብ ላይ ጠቁሯል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በስተርጅና ሄጄ ልዋረድ?»

«እውነትዎን ነው፣ ወረቀት አይለቅም። መክፈል አቅቶዎት እንደነበር ይዟል፤ ስልሳውንም ወር ሳያዛንፉ መክፈልዎንም ይዟል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ግን ባዶ ነው። ጨዋነትዎን ጎረቤት ያውቃል፤ የማያውቅዎት አበዳሪ ምን አይቶ ይመን? ‹የተሰቀለ መጋዝ ይዝጋል› የሚሉን እርስዎ አይደሉም? ጥቂት ወስዶ በቀኑ መመለስ ነው ስምን የሚያድሰው።»

ልጅቱ ልክ ነበረች። ብዙ ሰው ከዕዳ ሲወጣ መበደርን ራሱን እንደ ነውር ይቆጥራል። ነውሩ ግን ከአቅም በላይ መውሰዱና ለማይሠራ ነገር መውሰዱ ነው።

«ያኔ ሳላነብ ነበር የፈረምኩት» አሉ ጋሽ።

«አሁን እያንዳንዱን መስመር አብረን እናነባለን። ያልገባን መስመር ካለ አንፈርምም።»

ጋሽ መላጊያቸውን አስቀምጠው ሰጋቱራውን ከልብሳቸው አራገፉ። ከዚያ «እሺ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» አሉ።

«ዋናውን ደብዳቤ።»

ሦስታችንም ወደ ግድግዳው ዞርን።

«ጋሼ... በምን ነው የለጠፉት?»

«በኮላ ነዋ! እንዳይወድቅ ብዬ።»

«ኮፒስ?»

«ዋናው እያለ ኮፒ ምን ያደርጋል?»

ልጅቱ ራሷን ያዘች። እኔ ጠርዙን በጥፍሬ ስሞክር ጋሽ ተቆጡ። «የእኔ ኮላ ይለቃል ብለው ነው?» ኮታቸውን ለበሱና ጣውላውን አወረዱት። ዝናቡም አባርቶ ነበር። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ይዘን፣ ልጅቱን አስከትለን ወጣን።

መንገድ ላይ የሚስማር ነጋዴው «ጋሽዬ፣ ምን ሊሸጡ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ስሜን ላሳይ ነው!» አሉት፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

ሰፈራችን ካለው የብድርና ቁጠባ ቢሮ ስንደርስ ሠራተኛዋ መጀመሪያ ሳቋን ዋጠች። ማንበብ ስትጀምር ግን ከወንበሯ ተነሳች። ኮምፒውተሯን ከፍታ አስተያየችና «እዚህም ተመዝግቧል» አለች። «ስልሳውም በቀኑ። አባቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይመጣልንም።»

የጋሽ ውኃ ልክ ዓይን እንባ አቀረረ። ጣውላውን እንዲተዉላት ብትጠይቃቸው ግን «ፎቶ አንሺው እንጂ እሱስ ከእኔ ጋር ይመለሳል» አሏት። ውሉን ሲያነቡ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ የቅጣት ወለዱን መስመር ሁለት ጊዜ አስረዱኝ ብለው አስነበቡ።

ዴስኮቹ በጊዜያቸው ደረሱ። የእንጨት ሥራ ቤቱ ሁለት ሠራተኞች ቀጠረ፤ ሌላ ትምህርት ቤትም መጣ። ብድሩ በዓመቱ አለቀ። አሁን ጋሽ መካሪ ሆነዋል። የሚበደር ሰው ሲያገኙ «የምትገዛው ነገር ይሠራል ወይስ ይቀመጥብሃል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሥራ ቤታቸው አገኘኋቸው። በመስታወት ክፈፍ አድርገው በብሎን እያሰሩት ነበር።

«ኮላው አለቀ እንዴ?» አልኳቸው።

«አይ መምህር፣ ይህ እንደ መጋዙ ነው። ሲፈለግ ይወርዳል።»

በማግስቱ እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው ቤታቸው ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ባለቤታቸው ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ከውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አለ! ይግቡ፣ አለ!» አሉ።