የወፍጮው ጭስ መድኃኒት የተባለ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ሲተከል ሰርግ ነበር የመሰለው። በድንጋይ ስትፈጪ ኖረሽ፣ ወገብሽ ተቆርጦ፣ ድንገት አንድ ሞተር ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ማሽላሽን ልም ዱቄት አድርጎ ሲሰጥሽ ምን ትያለሽ? ትመርቂያለሽ እንጂ! እኛም መረቅን። ባለወፍጮው ሸምሱ የሚባል ከጉራጌ አገር የመጣ ነጋዴ ነበር፣ ደግ ሰው፣ ቀልደኛ። ታዲያ ሞተሩን የተከለው እኛ ቤት አጠገብ ነው፣ እና ጭስ ማውጫውን፣ ያንን ማርሚታ የሚሉትን ቱቦ፣ ግድግዳውን በስቶ በእኛ መተላለፊያ በኩል አወጣው። በልጅ ቁመት! ጥቁር ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ያጠብነው ነጠላ ይጠቁራል፣ አክታችንም ጥቁር ነው። ወፍጮ ላይ ማን ይናገራል?

የመጀመሪያ ልጄ ጽጌ ያኔ ገና ዳዴ የምትል ናት። ሳል ያዛት። ስትስል ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። እና አማቴ፣ እሜቴ ብርቄ፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ትክትክ ነው። ትክትክ ደግሞ በጭስ ነው የሚወጣ።»

በእኛ ዘንድ እኮ ሰው ሲታመም ቅጠል ይጨስለታል፣ ጋቢ ተከናንቦ ይታጠናል። ታዲያ እሳቸው «የቅጠል ጭስ እንዲህ ካዳነ፣ ይሄ ብረት የሚያዞረው ጭስ እንዴት አያድን!» አሉና ልጄን ጠቅልለው ጠዋት ጠዋት ማርሚታው ፊት ይዘዋት ይቀመጣሉ። «ሳቢው የኔ እናት፣ ሳቢው!» ሌሎቹ እናቶች አይተው የየራሳቸውን ልጅ ይዘው መጡ። ሰልፍ ሆነላችሁ እኮ! ሸምሱም ከውስጥ «ዱቄቱም ከእኔ፣ መድኃኒቱም ከእኔ!» እያለ ይስቃል።

እኔስ? በዚያን ጊዜ ምራት አማቷን ቀና ብላ አታይም፣ እምቢ ማለትማ ከየት መጥቶ! ወዳጄ ፋጡማ ብቻ፣ ከላይ ከተራራው ቅቤ ይዛ የምትወርደው፣ ጭሱን አይታ አፍንጫዋን ያዘች። «ኩን ቆሪቻ ሚቲ! መድኃኒት አይደለም ይሄ። አህያዬ እንኳ በዚህ አላልፍም አለች» አለችኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ወፍጮው ተሰበረ። ዕቃው ከድሬዳዋ በባቡር ሚኤሶ ይወርዳል፣ ከሚኤሶ በጭነት መኪና ይመጣል ተባለ፣ ይጠበቃል፣ አይመጣም። እኛም እያማረርን ወደ ድንጋያችን ተመለስን። ግን ስሙኝማ፣ የልጄ ሳል ቀለለ! መብላት ጀመረች! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሻለው። እሜቴ ብርቄ ደረታቸውን ነፉ፤ «አላልኩም? ጭሱ ሠራ!» እና ዕቃው መጥቶ ሞተሩ እንደገና ቱክ ቱክ ሲል፣ «ጅምሩን እንጨርስላት» ብለው ይዘዋት ወጡ።

ያን ቀን ልጄ ትንፋሽ አጣች። አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም። ዓይኗ ይገለበጣል። እኔ ምን ልበላችሁ፣ ሞተች ነው ያልኩት። ፍርሃቱም ይሉኝታውም እዚያው ጠፋ፣ ከእጃቸው ነጠቅኳት።

«አንቺ! አማትሽ ነኝ እኮ!»

«ይሁኑ!» አልኩና ዳገቱን በሩጫ ወደ ፋጡማ ቤት።

ፋጡማ በሩ ላይ አየችኝና «ያ ረቢ! አትግቢ፣ እዚሁ ነፋሱ ላይ ተቀመጪ» አለች፤ የምድጃዋንም እሳት ውሃ ቸለሰችበት። የልጄ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ እዚያው አደርን። በማግሥቱ ጠዋት ፋጡማ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥባት ልጄ አለቀሰች። ለቅሶ ነው የምላችሁ! ሸለቆው ሁሉ ጮኸ። እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት።

ይሄኔ እሜቴ ብርቄ በምርኩዛቸው እያለከለኩ ደረሱ።

«አብደሻል? ልጅ እያለቀሰች እልል ይባላል?»

«እሜቴ፣ ይስሟት እንጂ! ደረቷ ተከፍቷል!»

ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አስጠጉ። ሲር ሲር የለም። መሬት ላይ ቁጭ አሉና «በገዛ እጄ ልገድላት ነበር» ብለው አለቀሱ። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ደስ ብሎን።

እና ለሰው የሚሸነፉ መሰላችሁ? ቀጥ ብለው ወርደው ሸምሱ ዘንድ!

«አንተ! የዚህን ቱቦ አፍ ወደ ሰማይ አዙርልኝ!»

«እማማ ብርቄ፣ መድኃኒት ነው ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«ብያለሁ! እኛ ድነናል፣ አሁን ደግሞ ሰማዩ ይታከምበት!»

ሃ ሃ ሃ! ሸምሱም እየሳቀ ቱቦውን ከጣሪያ በላይ አቆመው። ወፍጮውም አልቀረብን፣ ልጆቻችንም ተረፉልን። ጽጌ ይኸው ዛሬ አያት ናት፣ ስትቆጣ ድምጿ ሂርና ይሰማል፣ እኔም በተቆጣች ቁጥር ተመስገን እላለሁ።