መጀመሪያ አንቱ ይታሹ

ከቡራዩ በተነሳው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናት ሕፃን ልጇን አቅፋ ከአማቷ ጋር ተቀምጣለች።

«ሱሉልታ ያለው ወጌሻ አሽቶ ያቃናዋል አልኩሽ። የልጄን ልጅ ለቢላ አልሰጥም» አሉ አማቷ።

«እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ የራስ ቅሉ አጥንት ያለጊዜው ገጥሟል፣ ካልተከፈተ አንጎሉ ማደጊያ ያጣል ብሏል። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ደግሞ ዛሬ ነው።»

«ወጌሻው የበሬ እግር የጠገነ ሰው ነው።»

«የበሬው ተሰብሮ ነዋ። የእኛ ልጅ አጥንት ያስቸገረን ገጥሞ ነው።»

«እውነቷን ነው፣ እማማ» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እሺ፣ ሱሉልታ እንሂድ» አለች ምራታቸው። «ግን መጀመሪያ አንቱ ይታሹ። የአንቱ አናት በመታሸት ከተከፈተ ልጁን እሰጣለሁ።»

«የእኔማ ከገጠመ ስንት ዘመኑ፣ በምን እጅ ይከፈታል?»

ይህን እንዳሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ምራታቸው ሳቀች፣ ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

«በይ ልጁን ወዲህ አምጪው፤ እስከ ሐኪሙ በር የማቅፈው እኔ ነኝ» አሉና ወደ ሾፌሩ ጮኹ። «ሆስፒታሉ ጋ ወራጅ አለ!»

እኔም ቀስ ብዬ የገዛ አናቴን ዳሰስኩ።