ትርፍ የጫነው ካርበን

ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች የኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሀሁ የማስቆጥረው እኔ ነኝ። በቀደም የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሊገመግሙኝ መጥተው ከኋላ ተሰየሙ። ውጤቴ ካላማረ ኮርሱ ለሌላ መምህር ይሰጣል። እኔም የሚያንቀላፉትን ለማንቃት፣ «ካርበን ማለት የቀራንዮ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ነው፤ ከአራት በላይ አይጭንም!» አልኩ። ክፍሉ ነቃ። ደስታው ሞቅ ሲያደርገኝ ቦርዱን በሞለኪውል ሞላሁት።

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መሃል ያለው ካርበን ትርፍ ጭኗል።» ብቆጥረው እውነትም አምስት ትስስር! ኃላፊው እስክሪብቶአቸውን አነሱ።

እኔ ግን በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። «ሆን ብዬ ነው» አልኩ ኮቴን አስተካክዬ፤ «ከመካከላችሁ ትራፊክ መኖሩን ላጣራ ፈልጌ። በሉ፣ ማን ይውረድ?» ክፍሉ ተናወጠ! «ሃይድሮጅኑ! መጨረሻ የገባው እሱ ነው!» «ኧረ ክሎሪኑ ይውረድ፣ ብቻውን የሁለት ሰው ቦታ ይዟል!» በካርበን ምክንያት ሰው ሲጣላ በዓይኔ አየሁ፤ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ኃላፊውም ሳይታወቃቸው ብድግ ብለው፣ «ሃይድሮጅኑ ይውረድ! ትርፍ ክልክል ነው!» ሲሉ ጮኹ።

ከሥራ ወጥቼ የቀራንዮ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከኋላ አራት ሆነን ተቀምጠናል። ረዳቱ፣ «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው!» አለ። ሕጉን ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ አምስተኛው ሰው ኃላፊያችን ሆነው ተገኙ። «ይግቡ ዶክተር፣ ሰፊ ነው!» ብዬ ተጠጋሁላቸው። ካርበን ይቅር ይበለኝ፤ ግምገማው ገና አልተፈረመም።