በቅሎ የረገጠችው ዕጩ

ከኮረም ወደ ሰቆጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። ከጎኔ አንዲት የጨርቅ ነጋዴና አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ መንገድ ያገናኛቸው፣ ያወራሉ።

«አባ፣ ባለፈው ገበያ ለፓርላማ ምረጡኝ ሲል የነበረውን ሰውዬ ሰሙት?»

«ሰማሁት እንጂ። ምን ዓይነት አፍ ነው! እንደ ውሃ ይወርዳል።»

«እኔስ እጁን ነበር የማየው። ልጃችሁ ነኝ እያለ ደረቱን ይመታል፤ ሰው ከጨበጠ በኋላ ግን እጁን በመሐረብ ይጠርጋል።»

«መንገድ አሠራላችኋለሁ ሲልስ ዓይኑ የት ነበር?»

«ሰዓቱ ላይ!»

«ሰው ሲናዘዝ ስሰማ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፣ ልጄ። እውነት የሚናገር ሰው ምላሱ ይተሳሰራል። እሱ አንዴም አልተደናቀፈ።»

«በኋላ በቅሎ ስትረግጠው አላዩም?»

«ቅዳሴ ደርሶብኝ ሄድኩ። ረገጠችው?»

«ወላሂ፣ እግሩን! ያ ሁሉ የአዲስ አበባ አማርኛ ጠፋና በአገውኛ እናቱን እየጠራ ጮኸ። ለካ እውነትም የኛው ልጅ ኖሯል!»

«እንግዲያ ትመርጪዋለሽ?»

«በቅሎዋን ነው እንጂ! እውነቱን ያወጣችው እሷ።»

ቄሱ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ነገ ደግሞ ሌላው ይመጣል አሉ፣ አባ።»

«ይምጣ። ከፊት ቆሜ በዚች መቋሚያ እግሩን ጫን እለዋለሁ፤ በምን ቋንቋ እንደሚጮህ እንሰማለን።»

ነገ ሰቆጣ ገበያ ላይ ምረጡኝ የምለው እኔ፣ እግሮቼን ቀስ ብዬ ከካፖርቴ ሥር ሰበሰብኳቸው።