በአመድ የታጠበው ቆርቆሮ

ገሳይ ከተማ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ከሕሊና ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሕሊና ደብረ ታቦር ከዩኒቨርሲቲው የምታስተምር ልጅ ናት። አምና ጉና ተራራ ግርጌ ካለው ማሳዬ ዳር አንድ ቆርቆሮ አቁማ፣ «ከጉም ውሃ ይለቅማል፤ አደራ፣ እንዳይነካ» ብላኝ ሄደች። ለምን እንደማይነካ አልነገረችኝም። ከስምንተኛ ክፍል የቀረ ሰው ምን ይገባዋል ብላ ይሆናል አልኩ በሆዴ።

ፊቴን ላዞርባት ፈልጌ ነበር፤ ቀደመችኝ።

«ደህና ሰነበቱ፣ አያ ተስፋነህ? ቆርቆሮውን አይቼው መምጣቴ ነው። ማን አጠበው?»

«እኔ ነኛ! በአመድና በአሸዋ ፈግፍጌ እንደ መስተዋት አበራሁት። ምነው፣ ምስጋናው ቀረብኝ?»

«ከዚያ በፊት በየማለዳው ከሥሩ ያለውን ባልዲ ይሞላ አልነበር?»

«ይሞላ ነበር።» ጉልበቷን የሚያማት ባለቤቴ ደሳለች ቁልቁል ምንጭ ከመውረድ ያረፈችው በዚያ ሰሞን ብቻ ነው። «ታዲያ ሰው የሚጠጣው ውሃ በዚያ ሻካራ እድፍ ላይ ይውረድ? ገበሬ ብንሆን ንጽሕና እናውቃለን፣ እመቤት!»

አልተቆጣችም፤ እሱ ይብስ አንገበገበኝ። ከጉልት አንድ የጎመን ቅጠል ገዝታ፣ በእጇ ከያዘችው የሚጠጣ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወረደ። ቀጥላ ግማሹን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ደገመችው፤ ያሸችው ላይ ውሃው ተንጣሎ ቀረ።

«አሁን የገፈፍኩት እድፍ ነው?»

«አይ፣ ወዙ ነው» አልኩ።

«ቆርቆሮውም እንደዚሁ ነው። ሻካራ ያሉት ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ፣ ዓይን የማይለያቸው ጉብታዎች ናቸው። ጉሙ ጉብታው ላይ ተጠራቅሞ ጠብታ ይሆናል፤ በመካከሉ ያለው ደግሞ ውሃ ስለማይዝ አንከባሎ ያወርደዋል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ገጹ ነው።»

ክው አልኩ። የደሳለች ወፍጮ ሲለሰልስ የምወቅረው እኔ አይደለሁም? የለሰለሰ ድንጋይ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ መች ይፈጫል!

«ይህንማ አውቀው ነበር» አልኳት። «ምነው ብትነግሪኝ?»

«እውነትዎን ነው፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«እኔስ አፍ የለኝም? ልጅ ሳለሁ 'ለምን' ብዬ ብጠይቅ አስተማሪው 'ደንቆሮ' ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። በይ ሌላ አቁሚልን፤ እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቀው።»

«ያ ብቻ ነበር፣ አያ። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መሥሪያው እኛ ዘንድ የለም፤ የእሱ ውጤት ታይቶ ነበር የሚገዛልን።»

የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ ቀድሞ መጣና ተሳፍራ ሄደች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቂሜን ሳይሆን ጥፋቴን ያዙልኝ። የተማረ ሰው ምክንያቱን ይንገር፤ ያልተማረውም አያፍር፣ ይጠይቅ። እንዲህ ብናደርግ ኖሮ ዛሬ በየሸንተረሩ ቆርቆሮ ቆሞ፣ ስንት እናት ከቁልቁለት ባረፈች፣ ስንት ልጃገረድ ማለዳ ትምህርት ቤት በደረሰች።

የእኛው አሁንም እንዳበራ ቆሟል። ደሳለች ጀሪካን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ መልኳን ታይበታለች።