የጠዋቱ ጠበል

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል።

«በአፌ ገብቶ፣ ጨጓራዬን በስቶ ሐሞቴን ሊያወጣው?»

«ከረጢቱን ነው እማዬ፤ ሆድዎ ሳይቀደድ። የባሕር ዳሩ ሐኪም ገና ሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ነው ብሎ ነግሮን ፈርመው የለ?»

«ፈርሜያለሁ። ቀሪውን ለእግዜር ሰጥቼ፣ ጠበሌን ጠጥቼ ነው የወጣሁ።»

«ዛሬ ጠዋት? ሐኪሙ ጠብታ ውኃ እንኳ እንዳይቀምሱ አላለም?»

«ጠበል ውኃ ነው እንዴ?»

«ሲያደነዝዝዎ ከሆድዎ ተመልሶ ወደ ሳንባዎ ቢገባስ? ደውዬ ልንገረው።»

«ተይ! ደውለሽ ጠበል ይገድላል ልትዪው ነው?»

ልጅቷ ደውላ ኖሮ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች፤ ሐኪሙ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል።

መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ከተማ የገዛሁትን ውኃ ሳልከፍተው ባሕር ዳር ደረስኩ።