የተዘለለው ረድፍ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክር ስም፦ በምስክር ጥበቃ ትእዛዝ ተሸፍኗል
ዕድሜ፦ 46 ጾታ፦ ሴት
ሥራ፦ በምክር ቤቱ የሰነዶች ክፍል የብሬል ገልባጭ
አድራሻ፦ ተሸፍኗል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20 እስከ 6፡05፣ ምርመራ ክፍል፣ ቢሮ ቁጥር 7

እኔ ቃል ሰጪዋ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪው ከመጀመሬ በፊት የምናገረው ነገር በራሴም ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል አስረድተውኛል። እኔም ይህን አውቄ ነው ከቤቴ የወጣሁት። የምናገርበት ሰነድ የተጻፈው በብሬል ነው፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ብሬል ማንበብ የምንችለው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንደኛው የተመረጡት አባል፣ ሌላዋ እኔ። ምስጢሩን ያወጣው ከሁለት አንዳችን ስለሆነ፣ እኔ አይደለሁም ስል መርማሪው በጥርጣሬ ቢያዩኝ አልቀየማቸውም።

አባሉ ዓይነ ስውር ናቸው። ከሟች እናቴ ጋር በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተምረዋል። እናቴም ዓይነ ስውር ነበረች፤ እኔ ዓይናማ ብሆንም ብሬልን ከፊደል በፊት የተማርኩት ጭኗ ላይ ተቀምጬ ነው። እሷ ስትሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝ፣ ሲያመኝ ያስታመሙኝ፣ ስዳርም እንደ አባት ቆመው የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተመርጠው ምክር ቤት ሲገቡ ሰነድ የሚገለብጥላቸው ሰው ስላስፈለገ ተወዳድሬ ተቀጠርኩ። የምክር ቤት አባላት አክሲዮን እንዳይነግዱ የሚከለክለውን ሕግ ያረቀቁትና ተከራክረው ያስጸደቁት እሳቸው ናቸው። ሕዝቡም ከዚያ በኋላ “ሚዛኑ” የሚል ስም አወጣላቸው።

ስለ አሠራሩ ለተጠየቅኩት፦ ምስጢራዊ ሰነድ ሲኖር ሌሎቹ አባላት የሚያዩት በስብሰባው ላይ ብቻ ነው፤ እዚያው አንብበው እዚያው ይመልሳሉ። በጣት ማንበብ ጊዜ ስለሚወስድ ግን ለጋሼ ከስብሰባው ሦስት አራት ቀን ቀደም ብሎ እንዲሰጣቸው በምክር ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ተፈቅዷል። ይህን ፈቃድ ለማግኘት ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሲፈቀድም ደስ ብሎኝ ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ሻይ ጋብዣለሁ።

በዚህ ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የታሸገ ፖስታ አመጡልኝ። ስልኬን ለጥበቃው አስረክቤ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ሰነዱ ለአገሪቱ በሙሉ የውሃ ቆጣሪ ለአሥር ዓመት ብቻውን የሚያቀርበውን ኩባንያ የሚመርጥ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ሳይሰጣቸው ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። የውሳኔ ሐሳቡ ያለው በሌላ ገጽ ሆኖ ለምስጢር ሲባል ስም አይጠራም፤ “ከላይ በተዘረዘሩት ቅደም ተከተል አራተኛው” ብቻ ነው የሚለው።

የምገለብጠው ስድስት ቁልፍ ባለው የብሬል ጽሕፈት መኪና ነው። ረድፍ እንዳይጠፋብኝ ከማነበው መስመር ሥር ማስመሪያ አስቀምጣለሁ። የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር በማጋመስ ላይ እያለሁ የውስጥ ስልክ ጮኸ፤ ኃላፊው ነበሩ፣ አላለቀም ወይ ብለው አጣደፉኝ። ጨርሼ ልደውልልዎት ወይስ እየደወልኩ ልጨርስ አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ ማስመሪያው አንድ ረድፍ ወደ ታች ተንሸራቶ ነበር፤ አላስተዋልኩም። ሦስተኛውን ኩባንያ ዘልዬ ቀጠልኩ። ድሮ እኔ የጻፍኩትን በጣቱ የሚያርም ባልደረባ ነበረኝ፤ አምና ጡረታ ወጣ፣ ምትክ እንዲቀጠር ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ያረመኝ ሰው የለም። በሥራዬ እኮራ ስለነበር እኔም ደግሜ አላየሁትም።

ቅጂው አንድ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለጋሼ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ በቢሯቸው ካዝና ውስጥ እያስቀመጡ አነበቡት። ሰኞ ጋሼ ያሉበት ኮሚቴ በዝግ ተሰብስቦ፣ ስም ሳይጠራ፣ አራተኛውን አጸደቀ፤ ቅጂውም እንደ ደንቡ ወደ እኔ ተመልሶ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቆለፈበት።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ውሳኔው በሬዲዮ ተነገረ። ከስድስት ተወዳዳሪዎች መካከል አሸናፊው ትልቁ የመለኪያ ፋብሪካ ነው አሉ። እኔ የጻፍኩት ሰነድ ላይ አራተኛው እሱ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። ምሳዬን ትቼ ወደ ቢሮ ሮጥኩ፤ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ስቆጥር አምስት ኩባንያ ብቻ ነው ያለው። ከተዘለለው በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ስለወጡ፣ በእኔ ቅጂ ላይ አራተኛ ሆኖ የተቀመጠው በእውነቱ አምስተኛ የነበረው ነው። እሱም በሩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ካሸነፍኩ እከፍታለሁ ብሎ የተወዳደረ፣ ሰው “ዝገቱ” እያለ የሚቀልድበት ፋብሪካ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ጋሼ በእኔ ስህተት የማያውቁትን ነገር አጽድቀዋል ማለት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ፊደል ስቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሯቸው ሄጄ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ሥራዬን ለመልቀቅ የጻፍኩትንም ማመልከቻ ይዤ ነበር። የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ አለቀስኩ። በመጨረሻ ይህን ሌላ ማን ያውቃል ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልኳቸው። ያን ጊዜ ድምፃቸው ለስለስ አለ። እንዲህ ላለ ነገር እንጀራዬ መቋረጥ እንደሌለበት ነገሩኝ፤ ትክክለኛውን ቅጂ አዲስ ጽፌ፣ የዱሮውን ቀን አድርጌበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳስቀምጥና አሮጌውን በወረቀት መቆራረጫ እንዳጠፋው አዘዙኝ። “ጥፋትሽን እኔ እሸፍንልሻለሁ፣ ልጄ” አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ይህንን ሳስመዘግብ አፍራለሁ፤ ግን ስሜያለሁ።

ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ። ውሳኔው ይፋ ስለነበር ዋናውን ሰነድ ከጽሕፈት ቤቱ በፊርማ ወስጄ አዲስ ቅጂ አዘጋጀሁ፤ ያለፈውን ሐሙስ ቀን ጻፍኩበት። ሐሰተኛ ቀን መሆኑን እያወቅሁ ነው። አሮጌውን ግን አላጠፋሁትም። ይህ ብልህነት ወይም ጥርጣሬ አልነበረም፤ የብሬል ወረቀት ወፍራም ስለሆነ መቆራረጫው ይነክስና ይቆማል፣ የሚጠግነው ሰውዬ ደግሞ ዕረፍት ላይ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ላስገባው ገጾቹን ሳስተካክል ግን ጣቴ አራተኛው መስመር ላይ አረፈ። የብሬል ነጥብ ሲጻፍ ጠንካራ ነው፤ በጣት ብዛት ይደፈጠጣል። የሌሎቹ መስመሮች ነጥብ ሁሉ እንደ አዲስ ሹል ነው። የዝገቱ ስም ያለበት ብቻ ተደፍጥጦ ለማንበብ እስኪያስቸግር ድረስ ለስልሷል። ጋሼ ጠንቃቃ ሰው ናቸው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ወንድሜ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። የወንድሜ ሚስት አክሲዮን በሚያሻሽጥ ድርጅት ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ጨዋታ ትችላለች። የሰሞኑን የቢሮዋን ቀልድ አመጣችልን። ውሳኔው ሊነገር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብና ሰኞ፣ አንድ ሰውዬ መጥቶ የዝገቱን አክሲዮን ያገኘውን ሁሉ ገዛ፤ ሻጮቹ ሐሳቡን እንዳይቀይር ብለው እየተጋፉ ፈረሙለት፤ ረቡዕ ዜናው ከተነገረ በኋላ መጥቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ውሃ ያጠጣችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሰውዬው ምን ሠርቶ ነው እንዲህ የሚገዛው ብዬ ጠየቅኋት። ጫማ ቤት አለው አለችና የጫማ ቤቱን ቦታ ነገረችኝ። በዚያች ሰዓት እግሬ ላይ የነበረው ጫማ ከዚያ ቤት ነው፤ ባለቤቱ የጋሼ ልጅ ባል ስለሆነ እንደ ቤተሰብ ቀንሶልኛል።

ከዚያ በኋላ የተበላውን አላውቅም። ወንድሜ አሞሻል ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። በዓለም ላይ የዝገቱን ፋብሪካ አሸናፊ የሚያደርግ ወረቀት አንድ ብቻ ነው። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያነበቡትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ትክክለኛውን ሰነድ ያየ ማንኛውም ሰው፣ የጽሕፈት ቤቱም ኃላፊ ቢሆኑ፣ ቢሰርቁ የሚገዙት ትልቁን ፋብሪካ ነበር። ሐሳቡን ደጋግሜ ብገላብጠው ሌላ መውጫ አላገኘሁለትም። እናቴን በድጋሚ የቀበርኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

መርማሪው ወዲያው ለምን እንዳላመለከትኩ ጠይቀውኛል። ምናልባት አማቻቸው ካዝናውን ከፍቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ ስለዋሸሁ ነው። አማቻቸው ብሬል እንደማያነብ ጠፍቶኝ አይደለም። በዚያ ላይ ሐሰተኛ ቀን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ብናገር መጀመሪያ የምታሰረው እኔ ነኝ ብዬ ፈርቻለሁ። ቢሆንም ከአፋቸው ሳልሰማ መፍረድ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ትናንት ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቢሯቸው ሄድኩ።

የጫማ ቤቱን ነገር አንሥቼ ጠየቅኋቸው። ይክዱኛል ብዬ ነበር፤ ክደውኝ ቢሆን ኖሮ ሳላምናቸው አልቀርም ነበር። አልካዱም። የተናገሩትን በትክክል እንዳስመዘግብ ስለተጠየቅኩ እንደሚከተለው ነው፦

“ዘጠኝ ጊዜ አነበብኩት። ያ የሞተ ፋብሪካ እንዴት ይመረጣል ብዬ ማመን አቃተኝ። ግን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ከራሴ ጭንቅላት ይልቅ አንቺን አመንኩ።”

ቀጥለው የገዙት ለራሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ከኮሚቴው አባላት ሦስቱ፣ ስማቸውን ለመርማሪው በሌላ ወረቀት ሰጥቻለሁ፣ ሰነዱ ቀድሞ የሚደርሰው ለእሳቸው ብቻ መሆኑን ስለሚያውቁ የሚገዙት ገንዘባቸውን ለአማቻቸው ሰጥተው በእሳቸው ጥቆማ ነው። አሁን ሦስቱም ጋሼ ሆን ብለው ያጠመዷቸው መስሏቸው ሊበሏቸው ደርሰዋል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ በሽታቸውን ለሐኪም የሚያስረዱ ነበር የሚመስሉት። እኔ ቆሜ አያቸዋለሁ። ያንን ሕግ ተከራክረው ያስጸደቁ ለታ የለበሱትን ኮት ነበር የለበሱት፤ እኔ ነኝ ያስተኮስኩላቸው።

እንድቀመጥ አዘዙኝ፤ አልተቀመጥኩም። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ “ልውቀስሽ ብዬ አይደለም ልጄ። ግን እንደ ሁልጊዜው በትክክል ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።”

ከዚያ እኔ፣ “ጋሼ፣ እስከ ዛሬ በትክክል የጻፍኩልዎትስ?” አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ስወጣ በሩን እንድዘጋው ለመኑኝ።

መሳቢያ ውስጥ የነበረውን የመጀመሪያውን የብሬል ቅጂ፣ አራት ገጽ፣ ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ፤ አራተኛውን መስመር ብዙ እንዳይነኩት አሳስቤያለሁ። ሐሰተኛ ቀን ያለበት አዲሱ ቅጂ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ይገኛል፤ ቁልፉንም ሰጥቻለሁ። በተጨማሪ ሥራ ከጀመርኩበት ቀን አንሥቶ የገለበጥኳቸውን ምስጢራዊ ሰነዶች ርዕስና ያስረከብኩበትን ቀን የያዘውን መዝገቤን አቅርቤያለሁ። በጠቅላላው አንድ መቶ አርባ ሦስት ናቸው። ያመጣሁት እያንዳንዱ ከተሰጣቸው ቀን በኋላ ማን ምን እንደገዛ እንዲመረመር ነው። ስህተት ያለበት ይኸኛው ብቻ ነው፤ ሌሎቹን አንድ መቶ አርባ ሁለቱን ሳልሳሳት ገልብጬላቸዋለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል በእኔ አንደበት የተሰጠ፣ ተጽፎ ካለቀ በኋላም የተነበበልኝ ነው። ማንም አስገድዶኝ ወይም አባብሎኝ የተናገርኩት የለም፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም ነገር የለም። እውነት መሆኑን ፍርድ ቤት ቀርቤ በመሐላ እደግመዋለሁ ስል ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
የታዛቢ ፊርማ ____________